ስለ ወንድ ልጅ ልብስና ስለ ጥለቱ

ልብስ የሚለበሰው ብርድን ለመከላከልና ገላን ለመሸፈን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በጨርቅ ላይ መስመር ማስመር፣ አበባ ማተም፣ ዳር ዳሩንም በቀለም ማስጌጥ ባላስፈለገም ነበር። ነገር ግን በዓለም ላይ ያለ ሕዝብ ሁሉ ጨርቁን ባዶውን መተው አይወድም፤ አንድ ምልክት ያኖርበታል። ምልክቱም ለባሹ ከየት እንደ መጣ፣ ምን ማዕርግ እንዳለው፣ በሐዘን ላይ ይሁን ወይም በደስታ ላይ ለተመልካች ይናገራል። እኔም በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ያሰብሁት ስለዚሁ ምልክት ነው። ይኸውም የኛ የወንዶች ልጆች ልብስ ከአያቶቻችን ዘመን አንሥቶ እስከ ዛሬ በጥለቱና በመልኩ እንዴት እንደ ተለወጠ፣ ለውጡም ምን እንዳተረፈልንና ምን እንዳጐደለብን ነው።

ይህን ርእስ በመምረጤ የሚስቅብኝ ጓደኛ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። «ስለ ጨርቅ ማውራት የሴት ነገር ነው፤ ወንድ ልጅ ምን ቸገረው?» ይል ይሆናል። ለእርሱ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። በገበያ ቀን ከሰልባጅ ክምር ፊት ቆሞ ሸሚዝ ሲያገላብጥ የሚውለው ማን ነው? «ይህ ማልያ የዘንድሮው አይደለም፤ መስመሩ ሌላ ነው» እያለ ከነጋዴ ጋር የሚከራከረውስ ማን ነው? እኛው ወንዶቹ አይደለንምን? እንግዲያስ በስውር የምንጨነቅበትን ነገር በግልጽ ብንነጋገርበት ነውር የለውም።

በመጀመሪያ የአያቶቻችንን ልብስ እንመልከት። መሠረቱ ነጭ ነበር። እጀ ጠባቡም፣ ሱሪውም፣ ኩታውም፣ ጋቢውም በቤት ውስጥ ከተፈተለ ጥጥ የተሠራ ነው። እናት ጥጡን ዳምጣና ነድፋ በእንዝርት ትፈትላለች፤ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ይሸምናል፤ ወደ ጫፉ ሲደርስም ባለቀለም ክር ያገባበታል። ይህ ነው ጥለት የሚባለው። እንግዲህ የጨርቁ መካከል ያለ ምንም ምልክት ነጭ ሆኖ ሲቀር፣ ነገር የሚናገረው ዳሩ ብቻ ነበር። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የመኳንንትና የሹማምንት ልብስ መሆኑን ማንም ያውቅ ነበር። ሐዘን የደረሰበት ሰው ሸማውን አዘቅዝቆ ሲለብስ፣ ጥለቱ ከወትሮው ቦታው ተለውጦ ስለሚታይ፣ መንገደኛው ሳይጠይቅ ነገሩን ይረዳዋል። በትልቅ ሰው ፊት የሚያደገድግም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ ጥለት እንደ ፊደል የሚነበብ ነገር ነበር ብል ያበዛሁ አይመስለኝም።

የኛ አገር ደግሞ በዚህ ረገድ የራሱ ጠባይ አለው። ወልድያ የደጋና የቈላ መገናኛ ናት። ከደጋው የሚወርደው ሰው ከበግ ፀጉር የተሠራ ባናና በርኖስ ይለብሳል፤ ቀለሙም የበጉ የራሱ ቀለም፣ ጥቁርና ቡናማ ነው። ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወርደን መርሳ ስንደርስና ከዚያም አልፈን ከአፋር ጋር ወደሚዋሰነው ወደ ሀብሩ ቈላ ስንዘልቅ፣ ወንዶች ሽርጥ አገልድመው እናያለን። ሽርጡም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ዳማ ሰሌዳ በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ፣ መስመር በመስመር ላይ የተሻገረበት ነው። ይህን መልክ የሰጡት የባሕር ማዶ ጨርቅ ሠሪዎች ናቸው፤ በዐረብ ነጋዴዎች እጅ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ መጥቶ የቈላው ሰው የራሱ አደረገው። እንግዲህ በአንድ የገበያ ቀን የደጋው ባና፣ የከተማው ባለጥለት ኩታና የቈላው ባለዳማ ሽርጥ ትከሻ ለትከሻ ሲተላለፉ የሚታዩበት አገር ነው ያለን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንዱን ጋቢ ይለብሳል፤ በለቅሶም በሠርግም አብሮ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። አንዳንድ ሰዎች «የጥንቱ ልብሳችን ከውጭ ምንም ያልገባበት ንጹሕ የአገር ልብስ ነው» ይላሉ። እውነቱ ግን ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ነው። በጥንት ጊዜ ወደ አገራችን የመጡ መንገደኞች እንደ ጻፉት፣ ሸማኔዎቻችን ለጥለት የሚሆን ቀይና ሰማያዊ ክር የሚያገኙት ከሕንድና ከሌላም አገር የመጣውን ባለቀለም ጨርቅ ገዝተው፣ ክሩን አንድ በአንድ እየተረተሩ ነበር። የውጭውን ጨርቅ እንዳለ አልለበሱትም፤ ፈትተው ክር አደረጉት፤ ክሩንም በራሳቸው ነጭ ሸማ ዳር ላይ በራሳቸው ሐሳብ መልሰው ሸመኑት። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላየሁም። ከውጭ መቀበል ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ጥያቄው የተቀበልነውን ምን እናደርገዋለን የሚለው ነው።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ አቡጀዴ የሚባለው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በመርከብ እየተጫነ መጣ። ብዙው የሚሠራው በአሜሪካ ፋብሪካዎች ስለ ነበር በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ «መሪካኒ» እስከ መባል ደርሶ ነበር። ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ በ1896 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል በተዋዋለ ጊዜ፣ አሜሪካ ለኢትዮጵያ ከምትሸጠው ዕቃ ዋናው ይኸው ጨርቅ ነበር። ከጠላት ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ ርካሹ የጃፓን ጨርቅ የአሜሪካኑን ቦታ ወሰደ። አቡጀዴ ጥለት የለውም። ይሁን እንጂ እናቶችን ከብዙ ቀን ፈትል ያሳረፈ፣ ድኻውንም ከብርድ ያዳነ ስለ ሆነ ክፉ ቃል ልናገርበት አልደፍርም።

ቀጥሎም የልብስ ስፌት መኪና በየከተማው ተስፋፋ፤ ካኪ መጣ፤ ኮትና ሱሪ መጣ፤ በኋላም ቴትሮን የሚባለው የማይጨማደድ ጨርቅ መጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው የድሬዳዋ ፋብሪካ፣ በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የባሕር ዳሩ፣ በደርግ ዘመን የተሠራው የኮምቦልቻውም ጥጣችንን በመኪና መሸመን ያዙ። የ1960ዎቹ ወጣቶች በፎቶግራፍ ላይ ሱሪያቸው ከታች እንደ ደወል ሰፍቶ፣ ሸሚዛቸው አበባና መስመር በዝቶበት ይታያል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ለውጥ ተፈጸመ። ቀድሞ በዳሩ ላይ ብቻ የነበረው ምልክት ጨርቁን ሙሉ ለሙሉ ሸፈነው፤ ምልክቱን የሚመርጠውም ለባሹን የሚያውቀው ሸማኔ መሆኑ ቀርቶ ለባሹን አይቶት የማያውቅ ባለፋብሪካ ሆነ።

ይህ ለውጥ የደረሰው በእኛ ብቻ አይደለም። ዛሬ የምንለብሰው ሸሚዝ ብዙው መልኩን ያገኘው ከአሜሪካ ወጣቶች ስለ ሆነ የእነርሱን ታሪክ ጥቂት ማየት ይጠቅመናል። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በዚያ አገር ትንንሽ ወንዶች ልጆች እንደ እኅቶቻቸው ቀሚስ ይለብሱ ነበር፤ ሱሪ መታጠቅ የማደግ ምልክት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት በደረሰባቸው ጊዜ የገበሬ እናቶች የዱቄትና የእንስሳ መኖ ከረጢት እየፈቱ ለልጆቻቸው ሸሚዝና ቀሚስ ይሰፉ ጀመር። ባለወፍጮዎቹም ይህን ባዩ ጊዜ ከረጢቱን አበባና መስመር፣ ዳማም በታተመበት ጨርቅ መሥራት ያዙ፤ እናትም ዱቄት ስትገዛ ለልጅዋ የሚስማማውን መልክ መርጣ ትገዛ ነበር። በችግር ጊዜ እንኳ ሠሪው ለባሹን አሰበው፤ ለባሹም መረጠ።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ፣ ዛሬ ቼናይ በምትባለው፣ በአካባቢውም ሸማኔዎች በእጅ የሚሠሩት ባለዳማ የጥጥ ጨርቅ አለ። ይህ ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የአሜሪካ ተማሪዎች የበጋ ሸሚዝ ሆነ። ጨርቁ ሲታጠብ ቀለሙን ይለቅ ነበር፤ ነጋዴዎቹ ግን ይህን ጉድለት ሳይደብቁ «በእጅ የተሠራ ለመሆኑ ምስክር ነው» ብለው ይልቁን እንደ ክብር ቈጥረው ሸጡት። ልብ በሉ! የአንድ ድኻ ሸማኔ የእጅ ሥራ በዓለም ሀብታም በሆነ አገር የተማሪ መመኪያ ሆነ። የመርሳና የሀብሩ ሽርጥ የዚያ ጨርቅ የቅርብ ዘመድ ይመስለኛል። ታዲያ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ለተማሪ አይሆንም የሚል ሰው ምን ማስረጃ አለው?

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ዩኒፎርማችንን ስናወልቅ ምን እንለብሳለን? ብዙዎቻችን ሰልባጅ እንለብሳለን። ይህም በአሜሪካና በአውሮጳ ሰዎች ለብሰው የተዉት፣ በብዙ እጅ ተሻግሮ ገበያችን የደረሰ ልብስ ነው። ጨርቁ አንዳንድ ጊዜ ከአዲሱ ይጠነክራል፤ ዋጋውም ለኪሳችን ይስማማል። ነገር ግን በላዩ የተጻፈውን ማን ያነባል? አንድ ጢም ማብቀል የጀመረ ወጣት ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ ካናቴራው ላይ በእንግሊዝኛ «ከዓለም አያቶች ሁሉ የምትበልጥ ሴት አያት» የሚል ተጽፎበት አይቻለሁ። ጽሑፉን ያነበብን ሳቅን፤ እርሱ ግን ምን እንደሚያስቀን አላወቀም። በእውነቱ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ልብሱ ስለ ሌላ ሰው የተናገረውን ነው ተሸክሞ የዞረው። የእግር ኳስ ማልያችንም ቢሆን የእንግሊዝና የስፔን ከተሞችን ቀለም ያሳያል እንጂ ስለ ወልድያ አንዲት ቃል አይናገርም።

በሌላ በኩል የእኅቶቻችንን ልብስ ስንመለከት የተገላቢጦሽ ነገር እናገኛለን። የሴቶች ቀሚስ ጥበቡ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ፣ ቀለሙም እየበዛ ሄዷል። የኛ የወንዶቹ ግን ለበዓል ቀን በአንገት ዙሪያና በደረት ላይ የምትታይ ጠባብ መስመር ሆና ቀርታለች። ለእኅቶቻችንም ቢሆን ፈተና መጥቷል። ጥለት መስሎ በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ ከቻይና እየገባ በርካሽ ይሸጣል። ከሩቅ ሲያዩት ጥበብ ይመስላል፤ ሲዳስሱት ግን ክር ሳይሆን ቀለም ብቻ ነው። ሸማኔው ብዙ ቀን ጐንበስ ብሎ የሠራውን የማተሚያ መኪና በአንድ አፍታ ያባዛዋል። እንግዲህ ሸማኔው በምን ይኑር?

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ የሚያከብደው ግን ይህ ነው። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችንን ይዞ በቈየ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ቤቱን ጥሎ ሸሸ፤ ሲመለስም ሣጥኑን ባዶ ያገኘው ጥቂት አይደለም። በዚያ ሣጥን ውስጥ የአያት ኩታ፣ የሠርግ ሸማ፣ ለክፉና ለደግ የተቀመጠ ጋቢ ነበረ። የጠፋው ጨርቅ ብቻ ቢሆን በገንዘብ ይተካል። ያን ጥለት ግን የሚመልሰው ገንዘብ አይደለም፤ የሚመልሰው አሠራሩን የሚያውቅ እጅ ነው። ሣጥን ይሰበራል፤ የሠለጠነ እጅ ግን ለልጅ እስከ ተላለፈ ድረስ አይዘረፍም። ታዲያ ዛሬ ያ እጅ ለልጁ ሙያውን እያስተላለፈ ነውን? እኔ እንደማየው አይደለም። የሸማኔ ልጅ አባቱ በምን እንደሚተዳደር በክፍል ውስጥ ሲጠየቅ «ነጋዴ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሸማኔን፣ አንጥረኛንና ሸክላ ሠሪን በስድብ ስም መጥራት የቈየ ክፉ ልማዳችን ነውና አይፈረድበትም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም አንድ ተማሪ በአባቱ እጅ ሥራ የሚያፍር ከሆነ፣ ዐዋጁ በወረቀት ላይ እንጂ በልባችን አልተጻፈም ማለት ነው። ሁላችንም በበዓል ቀን ያለበስነው እርሱው ሆኖ ሳለ በሥራው ቀን እንንቀዋለን!

ለአስተያየቴ የሚቀርቡትን መቃወሚያዎች ዐውቃለሁ። የመጀመሪያው ዋጋ ነው። በእጅ የተሸመነ ልብስ ውድ ነው፤ አምስትና ስድስት ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ለሁሉም ሊገዛ አይችልም። ይህ እውነት ነው። ሁለተኛው ዕጥበት ነው። ነጭ ልብስ ቶሎ ያድፋል፤ ውኃ ከሩቅ በጀሪካን በሚቀዳበት ቤት በየሳምንቱ ነጭ ማጠብ ለእናቶችና ለእኅቶች ሸክም ነው። ይህም እውነት ነው፤ ስለዚህ ኩታ ለብሰን ትምህርት ቤት እንምጣ አልልም። ሦስተኛው ስለ ዩኒፎርም ነው። ዩኒፎርም ጥለት የሌለው መሆኑ የሀብታሙንና የድኻውን ልጅ እኩል ያደርጋል። በዚህም እስማማለሁ፤ ዩኒፎርማችን እንዳለ ይቈይ።

እንግዲያስ የምጠይቀው ምንድን ነው? የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዓመቱ መጨረሻ ገንዘብ አዋጥተን ካናቴራ እናሳትማለን። በላዩም የእንግሊዝኛ ቃል እንጽፍበታለን፤ ቀለሙም ብዙ ሳይቈይ ይለቃል። ዘንድሮም መዋጮው ሊጀመር ነው። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ያንኑ ገንዘብ ለሌላ ነገር እንድናውለው ነው። እያንዳንዳችን ያለንን ተራ ነጭ ሸሚዝ እናምጣ። የከተማችን ሸማኔዎች ሁለት ጣት ስፋት ያለው ጥለት ይሸምኑልን፤ ልብስ ሰፊዎችም በአንገቱና በኪሱ ላይ ይስፉልን። አንድ ሸማኔ በርከት ያለ ክንድ ጥለት ቢሠራ ለብዙ ልጆች ይበቃልና ወጪው ከአንድ ካናቴራ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። የጥለቱን መልክ እኛው ተማሪዎቹ እንምረጥ። የደጋውን ባና ቡናማ፣ የኩታውን ቀይ፣ የቈላውን ሽርጥ ዳማ በአንድ ላይ የሚያሳይ፣ የማንንም ሃይማኖት ለይቶ የማይጠቅስ፣ የሁላችንም የሚሆን ይሁን። ክሩ የፋብሪካ ክር ቢሆን ግድ የለም፤ አያቶቻችንም የሕንድ ጨርቅ ተርትረው ነው የሠሩት።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። በዚያ ሰሞን ሸማኔ የሆነ አንድ አባት ወደ ትምህርት ቤታችን ተጋብዞ ድርና ማጉን እያሳየ እንዲያስተምረን ይሁን። በሒሳብ ክፍል የምንማረው መቍጠርና ማመጣጠን በዚያ መሸመኛ ላይ በእግርና በእጅ ሲሠራ እናያለን። ያ አባት «መምህር» ተብሎ ከሰሌዳው ፊት በቆመበት ቀን ልጁ «ነጋዴ ነው» ብሎ የሚመልስበት ምክንያት አይኖረውም። ወላጆችንም የምለምነው በየቤቱ የተረፈ አሮጌ ኩታና ነጠላ ካለ፣ ቢያረጅም እንዳይጣል ነው። ጨርቁ ባይለበስ እንኳ ሸማኔው ጥለቱን አይቶ ሊቀዳው ይችላልና ለእርሱ መማሪያ ይሆናል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ሰልባጁን አውልቁ፣ ማልያውን ጣሉ አላልኋችሁም፤ እኔም ራሴ እለብሳቸዋለሁ፤ ወደፊትም እለብሳለሁ። የምላችሁ፣ ከምንለብሰው ሁሉ ውስጥ ቢያንስ አንዱ ሠሪው እኛን አስቦ የሠራው፣ እኛም አንብበን የምንረዳው ይሁን ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ወደየዩኒቨርሲቲው ስንበተን፣ «ይህ በአንገትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ቡናማው የደጋችን፣ ዳማው የቈላችን፣ ሥራውም የጓደኛዬ አባት ነው ብለን ለመመለስ እንብቃ። መዋጮው የሚሰበሰበው ከፈተናው በፊት ስለ ሆነ፣ ሐሳቤን የሚደግፍም የሚቃወምም በክፍል ስብሰባችን ላይ ተነሥቶ እንዲናገር በአክብሮት እጠይቃለሁ።